ኒውዮርክ ውስጥ ሰው የሚሻማባቸው ሬስቶራንቶች ላይ ቦታ ማስያዝ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለልደት፣ ለምርቃት፣ ለጋብቻ ክብረ በዓል ወይም ከሀገር ቤት ለመጣ ዘመድ ብላችሁ ኒውዮርክ ላይ ስም ያለው ሬስቶራንት ለማስያዝ የሞከራችሁ ነገሩን ታውቁታላችሁ። አፑን ትከፍታላችሁ፣ ቀኑን ትመርጣላችሁ፣ ሁሉም ተይዟል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል፤ ሌላው ደግሞ ለደላላ ይከፍላል። ሁለቱም አያስፈልግም። ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከነመልሱ እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ሰዓቶቹ በሙሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ናቸው።

ለምንድነው ሁሌ "ቦታ የለም" የሚለኝ? ገንዘብ ያለው ብቻ ነው የሚገባው?

አይደለም። የመጀመሪያው ምክንያት የወንበር ማነስ ነው። ብዙዎቹ ቤቶች ጠባብ ናቸው፣ ሁሉም ሰው የሚፈልገው ደግሞ ከምሽቱ 7:00 እስከ 8:30 ያለችውን ሰዓት ነው። በዚያ ላይ የተወሰነው ጠረጴዛ ከነጭራሹ አፑ ላይ አይወጣም። ለቋሚ ደንበኛ፣ ለቤቱ ወዳጅ፣ በትልልቅ ሆቴሎች በኩል ለሚመጣ እንግዳ ተብሎ ይቀመጣል። የቀረችውን ነው እንግዲህ ሰው ሁሉ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚረባረብባት። ከሰው ጋር ብቻ ብትሻሙ ደህና ነበር፤ ግን "ቦት" የሚባሉ፣ ቦታ እንደተለቀቀ በሴኮንድ ውስጥ የሚይዙ ፕሮግራሞችም አሉ። ገንዘብ አይረዳም ብዬ አልዋሻችሁም። ግን እኔ እንዳየሁት ከገንዘብ በላይ የሚረዳው የሚለቀቅበትን ደቂቃ ማወቅና በቀንና በሰዓት ላይ ግትር አለመሆን ነው።

የትኛውን አፕ ልጠቀም?

ሦስቱንም፦ ሬዚ፣ ኦፕንቴብል እና ቶክ። ኦፕንቴብል አንጋፋው ነው፣ ከ1998 ጀምሮ አለ፣ አሁን ባለቤቱ ቡኪንግ ሆልዲንግስ ነው። ሬዚ በ2014 ተጀመረ፣ በ2019 አሜሪካን ኤክስፕረስ ገዛው። ያው አሜሪካን ኤክስፕረስ በ2024 ቶክንም ጠቅልሎታል። ኒውዮርክ ላይ ወሬ የሚበዛባቸው ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ ሬዚ ላይ ናቸው። ቶክ የሚታወቀው ደግሞ አስቀድሞ በማስከፈል ነው። እንደ ቲያትር ትኬት ገንዘቡን ዛሬ ከፍላችሁ በቀኑ ትሄዳላችሁ፣ ሐሳብ ብትቀይሩ ብዙ ጊዜ ገንዘቡ አይመለስም።

አንድ ነገር ግን፦ ፍለጋውን ሁልጊዜ ከሬስቶራንቱ ከራሱ ድረ ገጽ ጀምሩ። እዚያ "አስይዝ" የሚለውን ስትጫኑ ወደ ትክክለኛው አፕ ይወስዳችኋል። ጉግል ላይ መጀመሪያ የመጣውን ሊንክ አትመኑ።

ቦታ የሚለቀቅበትን ቀን እንዴት አውቃለሁ?

ዋናው ነገር ይሄ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልዘርዝረው።

እያንዳንዱ ቤት ስንት ቀን ቀደም ብሎ፣ በስንት ሰዓት እንደሚለቅ አፑ ላይ ስለ ቤቱ በተጻፈው ማብራሪያ ወይም በራሱ ድረ ገጽ ይናገራል። ብዙ ሰው አያነበውም እንጂ ተጽፏል። ካርቦን ለምሳሌ፣ በ2013 ግሪንዊች ቪሌጅ ላይ የተከፈተው የጣሊያን ምግብ ቤት፣ ከ30 ቀን በፊት ጠዋት 10:00 ላይ በመልቀቅ ይታወቃል። ፎር ቻርልስ ፕራይም ሪብ ከ21 ቀን በፊት ጠዋት 9:00 ላይ። ሌላው በሰባት ቀን ይለቃል፣ ሌላው በወሩ የመጀመሪያ ቀን የሚቀጥለውን ወር በሙሉ በአንዴ ይከፍታል። ቤቶቹ ይህን ስለሚቀያይሩ ከመሞከራችሁ በፊት በነበረው ቀን ገጹን አንዴ እዩት።

አሁን ቆጠራው። ቤቱ በ28 ወይም በ21 ቀን የሚለቅ ከሆነ ቀላል ነው፣ ሙሉ ሳምንት ስለሆነ ያው ቀን ላይ ይውላል፦ ቅዳሜ መብላት ከፈለጋችሁ ቅዳሜ ጠዋት ነው የምትሞክሩት። በ30 ቀን ከሆነ ግን ለቅዳሜ እራት ሐሙስ ነው የምትነሱት። ስንቱ ሰው ቅዳሜ ጠዋት ተነስቶ ካለቀ ደርሷል። ዛሬን ከቁጥሩ የሚያስገባና የማያስገባ ቤትም አለ። መላው ቀላል ነው፦ ዛሬ አፑን ከፍታችሁ የመጨረሻው የተከፈተ ቀን የትኛው እንደሆነ እዩ፣ ከዚያ ነገ የሚከፈተው የሚቀጥለው ነው።

የምኖረው ሌላ ከተማ ወይም አዲስ አበባ ነው። ሰዓቱስ?

የሚቆጠረው በኒውዮርክ ሰዓት ነው። ዲሲ ያላችሁ ምንም አትቀይሩም። ሲያትልና ሎስ አንጀለስ ያላችሁ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ናችሁ፣ 9:00 ሲባል ለእናንተ ንጋት 6:00 ነው። አዲስ አበባ ላለ ሰው ደግሞ ኒውዮርክ 10:00 ማለት በክረምታቸው ምሽት 12 ሰዓት፣ በበጋቸው ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፤ ይሄ በኛ አቆጣጠር ነው። እህት ወይም ወንድም ከዚያ ሆነው ሊያስይዙላችሁ ይችላሉ። ብቻ እነሱ በ"ሰባት ሰዓት" እና እናንተ በ"ሰባት ሰዓት" የተለያየ ነገር እንዳታስቡ በጽሑፍ ተነጋገሩ፣ ምሳ የተያዘለት ሰው እራት ብሎ ይመጣል።

ደቂቃዋ ስትደርስ ምንድነው የማደርገው?

ከአምስት ደቂቃ በፊት ገብታችሁ ጠብቁ። የክሬዲት ካርዳችሁ ቁጥር አስቀድሞ ፕሮፋይላችሁ ላይ ይቀመጥ፤ ቁጥሩን ስትጽፉ ጠረጴዛው ከእጃችሁ ይወሰዳል። የሰው ቁጥርና ቀኑን መርጣችሁ ተቀመጡ። ሰዓቱ ሲገጥም ገጹን አድሱት። ቀኑ ግራጫ ሆኖ ቆይቶ ድንገት ይበራል፣ ከሥሩ ሰዓቶቹ ይደረደራሉ፦ 5:00፣ 5:15፣ 6:45፣ 9:30። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሸነፈው። "7:30 ይሻል ነበር፣ ለባለቤቴ ልደውልላት" ሲል እዚያው ዓይኑ እያየ አንድ በአንድ ይጠፋሉ። ቢያንስ ሦስት የምትቀበሏቸው ሰዓቶች አስቀድማችሁ ተነጋገሩና የመጀመሪያዋን ያገኛችኋትን ያዙ። በነፃ መሰረዝ የሚቻልበት ጊዜ ካለው በኋላ ታስቡበታላችሁ።

ለሁለት ሰው ካጣችሁ ለሦስት ወይም ለአራት ሞክሩ፣ ጠረጴዛዎቹ በሰው ቁጥር ስለሚከፋፈሉ የማይታይ የነበረው ይታያል። ግን ለአራት ይዛችሁ ሁለት ሆናችሁ አትሂዱ። ወይ ሁለት ሰው ጋብዙ፣ ወይ ቀድማችሁ ደውላችሁ ንገሩ።

አመለጠኝ። አለቀ በቃ?

አላለቀም። እንዲያውም እኔ ከመልቀቂያው ቀን ይልቅ ይሄኛውን መንገድ ነው የምወደው።

አስቡት፣ ብዙ ሰው ከወር በፊት ይይዝና ሐሳቡን ይቀይራል። ቤቶቹ ደግሞ የመሰረዣ ገደብ አላቸው፣ ብዙውን ጊዜ 24 ወይም 48 ሰዓት። ከዚያ ካለፈ በየሰው ይቀጣሉ። ስለዚህ ሰው የሚሰርዘው ገደቡ ሊያልፍ ሲል ነው። ቅዳሜ ምሽት 8:00 የተያዘ ጠረጴዛ 48 ሰዓት ገደብ ካለው የሚፈታው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እስከ ምሽት 8:00 ባለው ጊዜ ነው። ያን ጊዜ አፑን ደጋግማችሁ ክፈቱ። ሬዚ ላይ "አሳውቀኝ" (Notify) የሚል ቁልፍ አለ፣ ለምትፈልጉት ቀን አብሩት፣ የስልካችሁንም ድምፅ አታጥፉ። መልእክቱ ሲመጣ ለሌሎችም ስለሚመጣ ቶሎ መጫን ነው፤ ከሻወር ወጥቼ ካላችሁ የለም።

ቀንም ምረጡ። ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ከዓርብ ጋር አይወዳደሩም። ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ብርዱ ሰውን ቤት ያስቀምጠዋል፣ ኦገስት መጨረሻ ደግሞ ከተማው ለዕረፍት ይወጣል። በረዶ ይጥላል ከተባለ ቀን በፊት ያሉት ሰዓታት በተለይ ጥሩ ናቸው፣ ከሩቅ የሚመጣው ሰው መሰረዝ ይጀምራል።

መደወል ይረዳል?

አዎ፣ በተለይ ትንንሽ ቤቶች ላይ። የምትደውሉት በምሳና በእራት መካከል ነው፣ ከ2:00 እስከ 4:00 ገደማ። በእራት ሰዓት የሚደወል ስልክ ሥራ የበዛበትን ሰው ከማናደድ ሌላ አይጠቅምም። አጭር ተናገሩ፦ ስንት ሰው፣ የትኛው ቀን፣ የትኞቹን ሰዓቶች እንደምትቀበሉ፣ የተሰረዘ ካለ እንዲደውሉላችሁ። የእንግሊዝኛ አነጋገር የሚያሳስባችሁ ካለ ኢሜይል ጻፉ፣ ምንም አያንስም።

ከደላላ ብገዛስ? ኢንተርኔት ላይ ሲሸጥ አይቻለሁ።

አትግዙ። እባካችሁ።

መጀመሪያ ሕግ አለ። የኒውዮርክ ገዥ ካቲ ሆኩል በዲሴምበር 2024 ፈርመውበት ከፌብሩዋሪ 2025 ጀምሮ እየሠራ ነው። ከሬስቶራንቱ ጋር የጽሑፍ ስምምነት የሌለው ድርጅት ጠረጴዛ ማስተዋወቅም ሆነ መሸጥ አይችልም፣ ቅጣቱም እስከ 1,000 ዶላር ይደርሳል። የሚቀጣው ሻጩ ነው፣ ገዢው አይደለም። ግን ቤቱ የተሸጠ መሆኑን ካወቀ ሊሰርዘው ይችላል፣ ያኔ እናንተ በማታውቁት ሰው ስም በር ላይ ቆማችሁ ገንዘባችሁም እዚያው ይቀራል።

ሁለተኛው ለእኔ ከሕጉ ይበልጣል። ይሄ አየር በአየር ንግድ ነው። ሻጩ ሽንኩርት አልከተፈ፣ ሰሃን አላጠበ፣ አንድ ብርጭቆ ውኃ አላቀረበ። በነፃ የሚሰጥ ነገር በቦት ሰብስቦ በመቶዎች ዶላር ይሸጣል፣ ለሬስቶራንቱ አንዲት ሳንቲም አይደርሰውም። ያልተሸጠለትን ደግሞ በመጨረሻ ሰዓት ይለቀዋል ወይም ዝም ብሎ ይተወዋል። ጠረጴዛው ባዶ ያመሻል። ከኛ ስንቱ ነው አሜሪካን በአስተናጋጅነት ወይም በኩሽና ሥራ የጀመረው? በቲፕ የሚኖር ሰው ከደረሱት አራት ጠረጴዛዎች አንዱ ባዶ ሲያመሽበት ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። ለዚያ ነው የምናደደው። ለደላላው የምትሰጡትን 200 ዶላር ለሚያስተናግዳችሁ ሰው ጉርሻ ብታደርጉት ስንት እጥፍ ይሻላል።

በር ላይ ላለው ሰው ገንዘብ ብሰጥስ?

አይሆንም። ጠረጴዛው ሁሉ ስክሪን ላይ ነው፣ የሌለ ወንበር ከኪሱ አያወጣም፤ ሥራውንም አደጋ ላይ ትጥሉበታላችሁ። ፈገግታና ትዕግሥት የበለጠ ይሠራሉ።

አሜሪካን ኤክስፕረስ ፕላቲነም ካርድ ካለኝ ቅድሚያ ይሰጠኛል ይባላል፣ እውነት ነው?

እውነት ነው። ሬዚ የእነሱ ስለሆነ ለካርዱ ባለቤቶች የሚቀመጡ ጠረጴዛዎች አሉ፣ የ"አሳውቀኝ" መልእክትም ቅድሚያ ይደርሳቸዋል። ግን የካርዱ ዓመታዊ ክፍያ በ2025 ወደ 895 ዶላር አድጓል። ካርዱ በሌላ ምክንያት ካላችሁ ተጠቀሙበት። ለእራት ብላችሁ ግን አታውጡት።

ሳላስይዝ ብሄድስ?

ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው ከሆነ ይሄ ከሁሉም ሊሻል ይችላል። ብዙ ቤቶች የባር ወንበሮቻቸውን ላላስያዘ ሰው ይተዋሉ። "ለ በርናርዲን" የሚባለው፣ ማንሃተን 51ኛ መንገድ ላይ ያለው የኤሪክ ሪፐርት የዓሣ ቤት፣ ሦስት የሚሽላን ኮከብ (የፈረንሳዩ የሬስቶራንት መመሪያ የሚሰጠውን ከፍተኛ ደረጃ) ይዞ እንኳ ላውንጁ ቀድሞ ለመጣ ነው። ግራመርሲ ታቨርንም ፊት ለፊት ያለው ክፍል ከኋላው የምግብ አዳራሽ ቀለል ያለ ነው፣ ሳያስይዙ የመጡትንም ይቀበላል። ቪያ ካሮታም እንዲሁ ለመጣ ሰው ቦታ ይተዋል።

አካሄዱ ይሄ ነው። ቤቱ 5:00 ከከፈተ 4:30 በር ላይ ሁኑ። ሲከፈት ሆስቷ፣ በር ላይ እንግዳ የምትቀበለዋ፣ ከታብሌቷ ቀና ብላ "ስም አስይዛችኋል?" ትላለች። "አላስያዝንም፣ ሁለት ነን፣ ባር ላይ ደስ ይለናል" በሉ። ባሩ ሞልቶ ከሆነ ስልካችሁን ሰጥታችሁ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ጠይቁ፣ ሲደርስ ቴክስት ያደርጉላችኋል። እስከዚያ አካባቢውን ዞር ዞር በሉ እንጂ በሩ ላይ ቆማችሁ አትጠብቁ። ባር ላይ መብላት ማነስ የሚመስለው ሰው አለ። ምግቡ የሚወጣው ከዚያው ኩሽና ነው፣ ባርቴንደሩም ስለ ሜኑው ከማንም በላይ ያወራችኋል።

ጾም ላይ ነኝ። መሄድ እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ ግን ስታስይዙ ተናገሩ። በትንሽ በትንሹ ብዙ ዓይነት ምግብ የሚቀርብበት ሜኑ ያለው ቤት ከቀናት በፊት ነው የሚዘጋጀው፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ "ቅቤ አልበላም" ማለት አያዛልቅም። አፑ ላይ ማስታወሻ የሚጻፍበት ቦታ አለ። "ቪጋን" ብላችሁ ጻፉና ከሥሩ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ አይብ፣ እንቁላል፣ የሥጋ መረቅም ጭምር እንደማትበሉ ዘርዝሩ። ዓሣ የምትበሉ ከሆነ እሱንም ለዩት። ሥጋው ሐላል እንዲሆን የምትፈልጉም አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ከሌለ ዓሣና አትክልት ያዘጋጁላችኋል።

ኢለቨን ማዲሰን ፓርክ በ2021 ሜኑውን በሙሉ ከእንስሳት ነፃ አድርጎት ነበር፣ በኦክቶበር 2025 ሥጋና ዓሣ በምርጫ መልሷል፣ የአትክልቱ ሜኑ ግን አለ። ደርት ካንዲ ደግሞ ሎወር ኢስት ሳይድ ላይ ያለ፣ አትክልት ብቻ የሚሠራ ቤት ነው። እዚያም ቢሆን የወተት ነገር ጠይቁ።

ደግሞ ከወር በፊት ስታስይዙ ቀን መቁጠሪያውን በደንብ እዩ። 55 ቀን በሚፈጀው ዐቢይ ጾም ውስጥ የሚውል ቀን ይዞ ኋላ የሚሰርዝ ሰው ብዙ ነው። የበጋው ሬስቶራንት ዊክም አብዛኛውን ጊዜ ከፍልሰታ ጋር ይገጣጠማል።

ሬስቶራንት ዊክ ምንድነው?

በ1992 የተጀመረ፣ በዓመት ሁለቴ፣ በክረምትና በበጋ፣ ብዙ ሬስቶራንቶች በቁርጥ ዋጋ የሚያበሉበት ጊዜ ነው። የቅርብ ዓመታት ዋጋው 30፣ 45 እና 60 ዶላር ነው። ሦስት ኮከብ ያላቸውን ቤቶች አትጠብቁበት። ግን ለመልመድ፣ በተለይ ለምሳ፣ ጥሩ በር ነው።

ጠቅላላው ስንት ይመጣል?

ሜኑው ላይ ያለው ቁጥር የመጨረሻው አይደለም። ለሰው 200 ዶላር ቢል የከተማው ታክስ 8.875 በመቶ ነው፣ 17.75 ዶላር። ጉርሻ 20 በመቶ ስትጨምሩ 40 ዶላር። ስለዚህ አንድ ሰው 257.75፣ ሁለት ሰው 515.50፣ መጠጥ ሳይጨመር። ወይን ካከላችሁ ሌላ ሒሳብ ነው። ጉርሻው ዋጋው ውስጥ ያለበት ቤትም ስላለ ደረሰኙን አንብቡ፣ ሁለቴ እንዳትከፍሉ። ምሳ ብዙ ጊዜ ከእራት ይረክሳል፣ ቦታም ይገኛል።

ስምንት ሰው ነን፣ ምርቃት ነው።

አፑ ላይ ከስድስት በላይ አብዛኛው ቤት አይቀበልም። በቀጥታ ኢሜይል ጻፉ፣ ሁለት ወር ቀደም ብላችሁ። ቁርጥ ሜኑና ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቋችኋል። በር ላይ አሥር ሆናችሁ አትድረሱ፣ "ተጠጋግተን እንቀመጣለን" እዚያ አይሠራም።

ራኦስ ላይ እንዴት ነው የሚያዘው?

አይያዝም። ኢስት ሃርለም ያለው፣ ከ1896 ጀምሮ የነበረው ራኦስ ጠረጴዛዎቹ አሥር ብቻ ናቸው፣ እያንዳንዱ ጠረጴዛ በተወሰነ ቀን የቆየ ደንበኛ "የራሱ" ነው። የሚገባው ባለጠረጴዛው ሲጋብዘው ወይም ጠረጴዛው ለበጎ አድራጎት ጨረታ ሲቀርብ ነው። ጊዜያችሁን አታጥፉበት።

የማርከስ ሳሙኤልሰን ቤቶችስ?

ኢትዮጵያ የተወለደው፣ ስዊድን ያደገው ሼፍ በ1995 አኳቪት የሚባል ሬስቶራንት ላይ ሳለ ከኒውዮርክ ታይምስ ሦስት ኮከብ ያገኘ በዕድሜ ትንሹ ሼፍ ነበር። ሬድ ሩስተርን በ2010 ሃርለም ላይ፣ ሃቭ ኤንድ ማርን በ2022 ቼልሲ ላይ ከፈተ። እነዚህ ላይ ከላይ እንዳሉት ያለ ጭንቀት የለም። ከሀገር ቤት የመጣ እንግዳ ካላችሁ እኔ ከእነሱ ብትጀምሩ እላለሁ።

አንዴ ገብቼ በሚቀጥለው እንዳልቸገር?

መውጫችሁ ላይ ሆስቷን አመስግናችሁ የሚቀጥለውን እዚያው ለማስያዝ ጠይቁ። ቤቶቹ ስለ እንግዳ ማስታወሻ ይይዛሉ፦ አለርጂው፣ የሚወደው ወንበር፣ ቀጠሮ አክብሮ መምጣቱ። ማክሰኞ ማታ ሁለት ሦስቴ የመጣ ሰው ስሙ ይታወቃል፣ ቅዳሜ ሲደውል ይሞከርለታል።

ብንዘገይ ወይም ብንቀር?

ብዙ ቤቶች የሚጠብቁት 15 ደቂቃ ገደማ ነው። ከጀርሲ ወይም ከብሮንክስ በመኪና የምትመጡ ከሆነ የፓርኪንጉን ጊዜ አብራችሁ ቁጠሩ። የምትዘገዩ ከመሰላችሁ ባቡር ላይ ሳላችሁም ቢሆን ደውሉ። ብዙ ቤቶች ሰው ተሟልቶ ካልመጣ አያስቀምጡም፣ ስለዚህ ያ ሁሌ የሚያረፍደው ዘመዳችሁ ካለ ለእሱ የግማሽ ሰዓት ቀደም ያለ ሰዓት ንገሩት።

የማትሄዱ ከሆነ ገደቡ ሳያልፍ ሰርዙ። ሁለት ጣት የሚፈጅ ነገር ነው፣ ሌላ ሰው "አሳውቀኝ" ብሎ እየጠበቀው ነው። ኦፕንቴብል በ12 ወር ውስጥ አራት ጊዜ ሳይሰርዝ የቀረ ሰው አካውንቱን ይዘጋበታል። ገደቡ ካለፈ በኋላ ከሆነ ደግሞ ደውላችሁ እውነቱን ንገሩ። ልጅ ታመመብኝ ለሚል ሰው ቅጣቱን የሚተዉ ወይም ወደ ሌላ ቀን የሚያዛውሩ ቤቶች አሉ፣ ስልክ ካልደወላችሁ ግን ካርዳችሁ ላይ በቀጥታ ይቆረጣል።